ስለ ኢንተርኔት መስመር ልክና ስለ ኬላ ጠባቂው ሥልጣን

በበጋ ወራት ወንዙ ሲጎድል፥ በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች የሚተዳደሩት በውሃ አባት ነው። የውሃ አባት የተባለው ሰው ሥራው ቀኑንና ሰዓቱን ቈጥሮ ለእያንዳንዱ ገበሬ ተራውን መስጠት ነው። ውሃው ሲበዛ ተራው ይረዝማል፤ ሲያንስም ያጥራል፤ የሁሉም ተራ ግን በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ የውሃ አባት ይከበራል፤ ይታመናልም። ነገር ግን ይህ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን፥ «ሽንኩርት ለተከለ ውሃ እሰጣለሁ፤ በርበሬ ለተከለ ግን አልሰጥም» ቢል፥ ወይም በሌሊት ተነሥቶ የአንዱን ቦይ በድንጋይ ከደፈነ በኋላ ሲነጋ፥ «ውሃው በራሱ ጠፋ» ቢል፥ ያን ጊዜ አካፋይነቱ ቀርቶ በሰው እርሻ ላይ አዛዥ ሆነ ማለት ነው። ውሃን መስፈርና ሰውን ከውሃ መከልከል ከሩቅ ለሚያያቸው ይመሳሰላሉ፤ ቀርቦ ለመረመራቸው ግን እንደ ዳኝነትና እንደ ቅሚያ የተራራቁ ናቸው።

ዛሬ የዓለም ሕዝብ ንግዱን፥ ትምህርቱን፥ ሕክምናውንና የዘመድ ጥየቃውን በሚያካሂድበት በኢንተርኔት መስመር ላይም ይኸው ነገር ተነሥቷል። መስመሩን የዘረጉት ኩባንያዎች በአንድ ወገን የሚያልፈውን ዳታ ይሰፍራሉ፤ ልክም ያበጁለታል። በሌላ ወገን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ደንበኛው በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚያገናኘውን መሣሪያ ወይም የሚሠራበትን ፕሮግራም እየመረጡ ያግዳሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው የተገባ፥ የትኛውስ ያልተገባ እንደ ሆነ ለመለየት፥ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፥ ክርክሩ አስቀድሞ ወደ ተነሣበት አገር ወደ አሜሪካ መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የስልክ ሥራ ለብዙ ዘመን ኤ ቲ ኤንድ ቲ በተባለው ታላቅ ኩባንያ እጅ ነበረ። ኩባንያው ሽቦውን ብቻ ሳይሆን በየቤቱ የሚቀመጠውን የስልክ መሣሪያ ጭምር የራሱ ንብረት አድርጎ ያከራይ ነበር። በደንቡም ውስጥ እርሱ ያልሰጠው ማናቸውም ዕቃ ከስልኩ ጋራ እንዳይያያዝ ከልክሎ ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳም፥ ባዕድ ዕቃ ከተገጠመ መስመሩ ይበላሻል፤ የሁሉም ደንበኛ ጥቅም ይጓደላል ይል ነበር።

ከዚህ ክልከላ የተነሣ ሁሽ ኤ ፎን የምትባል አንዲት ትንሽ ዕቃ ለብርቱ ሙግት ምክንያት ሆነች። ይህች ዕቃ በስልኩ መናገሪያ ላይ የምትገጠም እንደ ጽዋ ያለች መከለያ ናት። ኤሌክትሪክ የላትም፤ ከሽቦውም ጋራ አትነካካም። ጥቅሟ የተናጋሪው ቃል በአጠገቡ ለተቀመጠው ሰው እንዳይሰማ መሸሸግ ብቻ ነው። ሰው እጁን በአፉ ዙሪያ ከልሎ ቢናገር ከሚሆነው የተለየ ነገር አታደርግም። ኩባንያው ግን ይህችንም ከለከለ። ሠሪዎቿ በ1948 ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት አሉ፤ ኮሚሽኑም ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ በ1955፥ ለስልክ ኩባንያው ፈረደ። እነርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ይግባኝ ብለው፥ በ1956 በዋሺንግቶን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረው። የፍርዱም መንፈስ፥ ደንበኛ ሌላውን ሕዝብ እስካልጎዳ ድረስ ስልኩን ለራሱ በሚጠቅመው አኳኋን ሊሠራበት መብት አለው የሚል ነበር።

ከዚህም በኋላ ቶማስ ካርተር የተባለ አንድ የቴክሳስ ሰው ካርተርፎን የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ይህ መሣሪያ ከከተማ ርቀው በራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች ከስልክ መስመር ጋራ እንዲገናኙ የሚያደርግ ነው። የስልኩ እጀታ በመሣሪያው ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ከእጀታው ወደ ራዲዮው፥ ከራዲዮውም ወደ እጀታው ይተላለፋል እንጂ ሽቦ ከሽቦ ጋራ አይቀጠልም። ካርተር ከ1959 እስከ 1966 ድረስ ወደ 3,500 የሚሆኑ መሣሪያዎች ሸጠ። የስልክ ኩባንያዎቹ ግን ይህን ዕቃ የሚገጥም ደንበኛ ደንብ እንደ ጣሰ ተቈጥሮ እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። ካርተርም ከሰሰ፤ በ1968 ኮሚሽኑ ክልከላው አግባብ የሌለው ነው ብሎ ወሰነ። የስልክ ኩባንያ መስመሩ እንዳይበላሽ መመዘኛ ለማውጣት ይችላል፤ የማይጎዳውን ዕቃ ግን የእኔ አይደለምና አይገጠምም ለማለት አይችልም ተባለ።

ይህ ፍርድ ለአንድ የቴክሳስ ሰው የተሰጠ ቢመስልም ፍሬው ለዓለም ሁሉ ተረፈ። ጥሪ ተቀብሎ መልእክት የሚያስቀር መሣሪያ፥ የፋክስ መሣሪያና ሞደም ከስልክ ሽቦ ጋራ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ለመያያዝ የቻሉት ይህ በር ስለ ተከፈተ ነው። ሞደም ደግሞ የኮምፒውተርን ቋንቋ ወደ ድምፅ፥ ድምፁንም ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት አያሌ ቤተ ሰቦች ከኢንተርኔት ጋራ የተዋወቁት በእርሱ ነው። ካርተር መሣሪያውን ሲሸጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ነገር ግን የሚመጣው ዕቃ ምን እንደሚሆን ማንም ባያውቅም በሩ አስቀድሞ ተከፍቶ ቈየው። ኬላ ጠባቂ የሚያልፈውን ሁሉ የመምረጥ ሥልጣን ካለው ግን ገና ያልተወለደው ዕቃ ሳይወለድ ይሞታል፤ ጉዳቱንም ማንም አያየውም።

አሁን ደግሞ የኢንተርኔት መስመር ስለሚሰፈርበት አኳኋን መናገር ያስፈልጋል። የመስመር ስፋት ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው የዳታ ብዛት ሲሆን በቢት ይቈጠራል። የወር ልክ ማለት ግን በወሩ ውስጥ ያለፈው ዳታ ድምር ነው፤ እርሱም በጊጋባይት ይቈጠራል። የመጀመሪያው እንደ ቧንቧው ውፍረት ነው፤ ሁለተኛው በወሩ እንደ ተቀዳው የእንስራ ቍጥር ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ብዙ ቤቶች በአንድ የጋራ መስመር ሲጠቀሙ፥ ሁሉም ሰው ከሥራ ተመልሶ በምሽት ፊልም ማየት ሲጀምር መስመሩ ይጨናነቃል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ሰዎች እጅግ ብዙ ዳታ የሚያመላልሱ ከሆነ የጎረቤታቸው ድርሻ ያንሳል። መስመርም ያለ ገንዘብ አይዘረጋም፤ የሬዲዮ ሞገድም ወሰን አለው። ስለዚህ ኩባንያ ልክ ማበጀቱና ብዙ ለሚወስድ ብዙ ማስከፈሉ በራሱ ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ የወር ልክና የምሽት መጨናነቅ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ማስተዋል ይገባል። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ብዙ ዳታ የሚያወርድ ሰው ማንንም አላጨናነቀም፤ በወሩ ድምር ግን ከሁሉ በላይ በዳይ መስሎ ይታያል። ልኩ ለምን እንደ ተበጀ ኩባንያው በግልጽ እንዲናገር የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው።

ይህን ሥልጣን አለ አግባብ የመሥራት ነገር ቶሎ ታየ። በ2005 በሰሜን ካሮላይና የሚሠራ ማዲሰን ሪቨር የተባለ የስልክ ኩባንያ፥ ደንበኞቹ በኢንተርኔት አማካይነት በርካሽ የሚነጋገሩበትን የቮኔጅን አገልግሎት አገደ። ነገሩም ግልጽ ነበር፤ በኢንተርኔት የሚነጋገር ሰው ለመደበኛው ስልክ ገንዘብ አይከፍልም። ኮሚሽኑ ነገሩን ከመረመረ በኋላ ኩባንያው እገዳውን አንሥቶ 15,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እዚህ ላይ የተጨናነቀ መስመር አልነበረም፤ የነበረው የኬላ ጠባቂው የራሱ ሱቅ ነው። ሱቅ ያለው ኬላ ጠባቂ የሌላውን ነጋዴ ጭነት በቅን ዐይን ሊመለከት አይችልም።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በ2007 የተገለጠው የኮምካስት ነገር ነው። ኮምካስት በአሜሪካ በኬብል መስመር ኢንተርኔት ከሚያቀርቡት ኩባንያዎች ዋነኛው ነው። በዚያ ዓመት ደንበኞቹ ቢት ቶረንት በተባለው ፕሮግራም ፋይል ለሌላ ሰው ለማካፈል ሲሞክሩ ግንኙነቱ ያለ ምክንያት ይቋረጥባቸው ጀመር። አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ነገሩን ለመፈተን ፈልጎ፥ የባለቤትነት መብት ክርክር የማይነሣበትን መጽሐፍ መረጠ፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ የታወቀው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። መጽሐፍ ቅዱሱም ከሌላው ሁሉ ጋራ ተቋረጠ።

የማቋረጫው ጥበብ እንዲህ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ አንዱ ንግግሩን ለመቍረጥ ሲፈልግ ለሌላው የሚልክለት የመዝጊያ ምልክት አለ። ኮምካስት ይህን ምልክት ራሱ እየጻፈ ከወዲያኛው ኮምፒውተር የመጣ አስመስሎ ለሁለቱም ይልክ ነበር። ሁለቱም አንዱ ሌላውን የተወው መስሏቸው ይለያያሉ። ይህም በሰው ማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ሁለት ወዳጆችን እንደ ማለያየት ያለ ሥራ ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ ምንም አላገድሁም አለ፤ በኋላም መስመር ሲጨናነቅ ጥቂት አዘገየሁ እንጂ አልከለከልሁም ወደሚል መልስ ተመለሰ።

በ2008 በኦገስት ወር ኮሚሽኑ በ3 ድምፅ ለ2 ኩባንያው ጥፋተኛ ነው ብሎ፥ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይህን ሥራ እንዲተውና መስመሩን የሚያስተዳድርበትን አኳኋን ለሕዝብ እንዲገልጽ አዘዘ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ ያስተምራል። ኮምካስት የሚመርጠውን ማገድ ትቶ፥ በተጨናነቀ ሰፈር በዚያች ሰዓት አብዝቶ የሚወስደውን ደንበኛ፥ የሚሠራበትን ፕሮግራም ሳይጠይቅ ለጥቂት ጊዜ የሚያዘገይበትን ሥርዓት አቆመ። በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 1 ጀምሮም የወር ልክ 250 ጊጋባይት መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ መስመርን ያለ ተንኰልና ያለ መምረጥ ለማስተዳደር እንደሚቻል ያስመሰከረው ያው ኩባንያ ራሱ ነው።

ኩባንያው ግን በውሳኔው ላይ ይግባኝ ብሎ ነበርና በ2010 የዋሺንግቶን የይግባኝ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ትእዛዝ ሻረ። ፍርድ ቤቱ የኮምካስትን ሥራ መልካም ነው አላለም፤ ለኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ በሕግ የተሰጠው ሥልጣን የለም አለ እንጂ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ዳኛ ቅን ቢሆንም በእጁ የተጻፈ ሕግ ከሌለ ፍርዱ እንደማይጸና ነው።

የመሣሪያ ክልከላም በስልክ ሽቦ ዘመን አልቀረም። አንድ ሰው በእጅ ስልኩ የሚያገኘውን ኢንተርኔት በሆትስፖት ለኮምፒውተሩ ሊያካፍል ይችላል። ዳታው አስቀድሞ የተገዛ ነው፤ በስልክም ቢነበብ በኮምፒውተር ቢነበብ ልኩ ያው ነው። ቬራይዘን የተባለው ኩባንያ ግን ለዚህ ማካፈል በወር 20 ዶላር ተጨማሪ ያስከፍል ነበር፤ ይህን ክፍያ የሚያስቀሩትን ፕሮግራሞችም ደንበኞች ከገበያው እንዳያገኟቸው አሳግዶ ነበር። ኩባንያው ከመንግሥት የገዛው የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ደንበኛ የፈለገውን መሣሪያና ፕሮግራም እንዳይከለከል የሚያዝ ግዴታ ነበረበት። ስለዚህ ጉዳዩ በኮሚሽኑ ከተመረመረ በኋላ በ2012 ኩባንያው 1,250,000 ዶላር ለመክፈልና ክልከላውን ለማንሣት ተስማማ። ውሃውን ከፍሎ የቀዳ ሰው በየትኛው ዋንጫ እንደሚጠጣ መጠየቅ የለበትም።

የልኩ ስምም እንደ ልኩ እውነተኛ መሆን አለበት። ኤ ቲ ኤንድ ቲ «ገደብ የሌለው» ብሎ ለሸጠው ዳታ፥ ደንበኛው በወሩ ውስጥ ጥቂት ጊጋባይት ከወሰደ በኋላ ፍጥነቱን እጅግ ያዘገይ ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 በከሰሰው ጊዜ፥ በዚህ አኳኋን የተጎዱት ደንበኞች ከ3,500,000 እንደሚበልጡ፥ የአንዳንዱም ፍጥነት የሚቀነሰው 2 ጊጋባይት ብቻ ከወሰደ በኋላ እንደ ነበረ ገለጠ። ነገሩ በ2019 ኩባንያው 60,000,000 ዶላር በመክፈል ተፈጸመ። ቍና ብሎ ላዳን መስፈር በገበያ ውስጥ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ «ገደብ የሌለው» ብሎ ገደብ ማበጀትም ነውር ነው።

ይህ ነገር የገንዘብ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር በ2018 በካሊፎርኒያ የሆነውን ይመልከት። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር መጨረሻ ሜንዶሲኖ ኮምፕሌክስ የተባለው የደን ቃጠሎ ተነሣ፤ እስከዚያ ጊዜ በካሊፎርኒያ ከተመዘገቡት ቃጠሎዎች ሁሉ የበለጠ ነበረ። የሳንታ ክላራ አውራጃ የእሳት አደጋ መከላከያ የተሰማሩትን ተሽከርካሪዎችና ሠራተኞች በኢንተርኔት እየተከታተለ የሚያሰማራ አንድ የማዘዣ መኪና ወደ ስፍራው ልኮ ነበር። መኪናው የሚሠራበት የቬራይዘን መስመር «ገደብ የሌለው» ተብሎ የተገዛ ሲሆን 25 ጊጋባይት ከተወሰደ በኋላ ፍጥነቱ ይቀነስ ነበር። እሳቱ በሚነድበት ጊዜ ልኩ ሞላና ፍጥነቱ ወደ 200ኛ እጅ ወረደ፤ መኪናውም ሥራውን ሊሠራ አልቻለም። የእሳት አደጋ ሹማምንት እንዲነሣላቸው ቢጠይቁ ከኩባንያው የተሰጣቸው መልስ ዋጋው ከፍ ያለ ውል እንዲገዙ ነበር፤ ገዙና መስመሩ ተመለሰ። ኩባንያው በኋላ በአደጋ ጊዜ ልክን ማንሣት ልማዱ እንደ ሆነ፥ ይህ የሆነውም በደንበኞች አገልግሎት ስሕተት መሆኑን ገልጾ ጥፋቱን አመነ። በ2019 ካሊፎርኒያ በአደጋ ጊዜ የእሳትና የነፍስ አድን ሠራተኞች መስመር እንዳይዘገይ የሚከለክል ሕግ አወጣች። እዚህ ላይ መርጦ ማገድ አልነበረም፤ ልኩም በውሉ የተጻፈ ነበር። ነገር ግን ሰው የሚያቃጥል እሳትና ፊልም የሚያይ ሰው በአንድ ቍና ሲሰፈሩ፥ መስፈሪያው ትክክል ቢሆንም ፍርዱ ጠማማ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በአሜሪካ የጸና ሕግ ተገኘ ወይ ቢባል፥ መልሱ አልተገኘም ነው። ኮሚሽኑ በ2010 አዲስ ደንብ አወጣ፤ በ2014 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረው። በ2015 ኢንተርኔት አቅራቢዎች እንደ ስልክ ኩባንያ ሕዝብን ያለ አድልዎ የማገልገል ግዴታ አለባቸው ተብሎ ተደነገገ፤ በ2017 ደግሞ በሌሎች ኮሚሽነሮች ተሻረ። በ2024 ተመለሰ፤ በ2025 በጃኑዋሪ ወር መጀመሪያ የይግባኝ ፍርድ ቤት እንደ ገና አፈረሰው። በ2015፥ በ2017ና በ2024 ውሳኔው የተላለፈው በ3 ድምፅ ለ2 ነው፤ የኮሚሽኑ አብላጫ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ሲያልፍ ደንቡም አብሮ ያልፋል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ብቻ በራሳቸው ሕግ ነገሩን አጸኑት። በየጊዜው የሚተከልና የሚነቀል አጥር ከብትም አይከለክል፥ ለባለ እርሻውም አያሳርፍ።

የኩባንያዎቹ ክርክር ሳይሰማ ፍርድ መስጠት አይገባም። እነርሱ የሚሉት፥ መስመር የሚዘረጋው በብዙ ገንዘብ ነው፤ መንግሥት በየሥራው ከገባ ገንዘቡን የሚያወጣ ይጠፋል፤ ደግሞም ቫይረስንና የማጭበርበሪያ መልእክትን ለማገድ፥ የተጨናነቀውንም ለማስተካከል ነፃነት ያስፈልገናል ነው። ይህ ቃል እውነትነት አለው። ቫይረስ የሚያሠራጭ ኮምፒውተር ሊታገድ ይገባል፤ ሌላውን ሕዝብ ይጎዳልና። ኤሌክትሪክ የሚያበላሽ መሣሪያም እንዳይገጠም መመዘኛ ሊወጣለት ይገባል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በ1956ቱና በ1968ቱ ፍርድ ውስጥ አስቀድመው የተፈቀዱ ናቸው። የተከለከለው፥ ጉዳት ሳይኖር ጉዳት አለ እያሉ የራስን ገበያ መጠበቅ ነው።

መጨናነቅ በእውነት ሲመጣ በግልጽ ሊመከርበት እንደሚቻልም በ2020 በአውሮፓ ታይቷል። በኮሮና በሽታ ምክንያት ሕዝብ ሁሉ በቤቱ በተቀመጠ ጊዜ፥ የአውሮፓ ኮሚሽን ሹማምንት ፊልም አቅራቢዎች የመስመሩን ሸክም እንዲያቀልሉ ጠየቁ። ኔትፍሊክስም የምስሉን ጥራት ዝቅ በማድረግ በአውሮፓ መስመሮች ላይ የሚያሳርፈውን ጭነት በ25 በመቶ ለ30 ቀን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምክንያቱ ተነገረ፤ ልኩ ተነገረ፤ የሚያበቃበት ቀንም ተነገረ። ስለዚህ ሕዝቡ ነገሩን በትዕግሥት ተቀበለው።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ክርክር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በዓረብ አገሮች በቤት ሥራ የተሰማሩት አያሌ እኅቶች ከእናታቸውና ከልጆቻቸው ጋራ የሚገናኙት በእጅ ስልካቸው ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን ለብዙ ዓመታት በዋትሳፕ የድምፅና የምስል ጥሪ ማድረግ ታግዶ ኖሯል፤ በ2018 መጀመሪያም ስካይፕ አገልግሎቱ በዚያ አገር መታገዱን አስታወቀ። የተፈቀዱት የጥሪ ፕሮግራሞች የወር ክፍያ የሚጠየቅባቸው ነበሩ። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ2017 በኢንተርኔት ጥሪ ላይ አኑራው የነበረውን ጠቅላላ እገዳ ማንሣቷን አስታወቀች። ለሀብታም ነጋዴ እንዲህ ያለው እገዳ ጥቂት ወጪ መጨመር ነው። ከወር ደመወዟ አብዛኛውን ወደ አገሯ ለምትልክ ሴት ግን የልጇን ፊት ለማየትና ላለማየት ምክንያት ይሆናል። ጽሑፍ ያለፈበት መስመር ድምፅ እንዳያልፍበት የሚያደርግ የውሃ እጥረት የለም፤ የተዘጋው በእጅ ነው።

ሕግን አስቀድመው የጻፉ አገሮችም አሉ። ቺሊ በ2010 አቅራቢዎች ደንበኛው የሚጠቀምበትን ፕሮግራምና መሣሪያ እንዳያግዱ የሚከለክል ሕግ በማውጣት ከሁሉ ቀደመች። በኔዘርላንድ ኬ ፒ ኤን የተባለው ኩባንያ በ2011 ዋትሳፕንና ስካይፕን በመሰሉ ፕሮግራሞች በሚሠሩ ደንበኞች ላይ ልዩ ክፍያ ለመጣል እንዳሰበ በመግለጹ ሕዝቡ ተቈጣ፤ በ2012 ምክር ቤቱ ይህን የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ለአባል አገሮቹ ሁሉ የሚሆን ደንብ አወጣ፤ በእርሱም ደንበኛ የመረጠውን መሣሪያ ለማገናኘት መብት እንዳለው በግልጽ ተጻፈ። በህንድም የቴሌኮም ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2016 እንደ ይዘቱ የተለያየ የዳታ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። በእነዚህ አገሮች ኩባንያዎች አልጠፉም፤ መስመርም መዘርጋቱን አልተዉም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚሰበሰበው ምክር ረጅም አይደለም። ልክ የሚያበጅ ኩባንያ ልኩን ከሽያጩ በፊት በማያሻማ ቃል ይናገር፤ ገደብ ያለውንም ገደብ የለውም አይበል። መስመር ሲጨናነቅ ሁሉን እንደ አወሳሰዱ ያዘግይ እንጂ ጭነቱን እየከፈተ አይምረጥ። ሌላውን የማይጎዳ መሣሪያ ማንም የሠራው ቢሆን ከመስመሩ ጋራ እንዲገናኝ ይፈቀድ፤ ይጎዳል የሚል ኩባንያም ጉዳቱን በማስረጃ ያሳይ። የነፍስ አድን ሥራ በሚሠራበት ሰዓት ልክ ይነሣ። ይህም ሁሉ በሹማምንት መለዋወጥ በማይናወጥ ሕግ ይጻፍ፤ አቤቱታ የሚቀበል ዳኛም ይሰየምለት። ተራው ደንበኛ በመስመሩ ውስጥ የሚደረገውን በዐይኑ አያይምና፥ ኩባንያው ራሱ እንዲገልጽ ካልተገደደ በቀር ቦዩ በሌሊት መደፈኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አባቶች «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። በኢንተርኔት መስመር ላይ ሕግ የሚጠራው ወራጁ እንዳይቆም ነው። የመስመሩ ባለቤት ድካሙና ገንዘቡ ይከፈለው፤ መስፈሪያውም ይከበርለት። በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ግን የባለቤቱ ነው፤ በዚያ ቤት ምን እንደሚሰካ፥ ከማን ጋራስ እንደሚነጋገሩበት የመወሰን መብት የቤቱ ጌታ ነው።